«ሁሉም አረንጓዴ ነው እኮ!» ያለኝን አለቃዬን ምን ብዬ ላስረዳው?

የቡና_ልጅ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቡና ቆልቶ አሽጎ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ስሙን እለፉት። ማርኬቲንጉም፣ ዲዛይኑም፣ ቴሌግራሙም እኔው ነኝ። የድርጅቱ ቀለሞች ሦስት ናቸው፦ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ የበሰለ ቡና ቀይ እና ክሬም። ማለቴ፣ ሦስት ናቸው ተብሎ ነው የሚወራው።

ባለፈው አርብ ለባዛር ዕቃ ስናዘጋጅ ሁሉንም መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። የቡናው ማሸጊያ፣ ሮልአፕ ባነሩ፣ የሽያጭ ልጆቹ ቲሸርት፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ከመኪናው በር የተረፈ ስቲከር። አምስት ዕቃ፣ አምስት አረንጓዴ! ማሸጊያው የደረቀ የወይራ ቅጠል ይመስላል። ባነሩ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ቲሸርቱማ የትራፊክ መብራት ነው። ካርዱ ጥቁር ለመባል ትንሽ ነው የቀረው። ስቲከሩ ብቻ ደህና ነው። በር ላይ የተሰቀለውን ታፔላ አልቆጠርኩትም፤ እሱ ከማታ ይልቅ ቀን ነው የሚያበራው።

አለቃዬን ጠራሁት። ቆሞ አየ፣ አየና «ሁሉም አረንጓዴ ነው እኮ!» ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? ደግሞስ ገንዘቡን ለሚያወጣው ሰው ይሄ ችግር መሆኑ በምን ቋንቋ ይነገረዋል?

ማሽን_ቤት · ከጠዋቱ 4፡55

እኔ ሕትመት ላይ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ በቅድሚያ፣ የማተሚያ ቤቱን ልጅ አትርገሚው።

ማሸጊያችሁ ቡናማው ክራፍት ወረቀት ነው አይደል? ሳላየው አወቅኩት። የማተሚያ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም። ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ነጭ ወረቀት ላይ አረንጓዴ የሆነው ክራፍት ላይ ሲያርፍ የወረቀቱ ቡናማ አብሮ ይታያል። ያንቺ የወይራ ቅጠል ከዚያ ነው የመጣው። መፍትሔው መጀመሪያ ነጭ መምታት፣ ከዚያ አረንጓዴውን ከላዩ ማሳረፍ ነው። ነጩ ግን ተጨማሪ ዋጋ አለው።

ካርዱ ያልተለበጠ ወረቀት ይሆናል። እሱ ቀለም ይጠጣል፣ የጠጣው ደግሞ ደብዝዞ ይጠቁራል። ባነሩ ሌላ ማሽን፣ ሌላ ዓይነት ቀለም፣ ሌላ ፕላስቲክ ነው። ከዚህ ሁሉ ላይ ስክሪን የሚባል አለ። ስክሪን ላይ የምታዪው ብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ተደባልቆ ነው ቀለሙን የሚሰጥሽ። እኛ ጋ ያለው ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሐምራዊ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ነው። ስልክ ላይ የሚንቦገቦግ አንዳንድ አረንጓዴ በነዚህ በአራቱ ተደባልቆ በፍጹም አይመጣም። ደንበኛ ስልኩን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጦ «ለምን እንዲህ አልሆነም?» ሲለኝ ስንት ዘመኔ!

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ለማተሚያ ቤቶቹ ምን ዓይነት ፋይል ነው የምትሰጫቸው?

የቡና_ልጅ · 5፡02

እንዳትስቁብኝ። ሎጎውን የሠራው ልጅ ዋናውን ፋይል ሳይሰጠን ወደ ዱባይ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቴሌግራም ቻናላችን ፕሮፋይል ፎቶ ላይ ቀለሙን በአይድሮፐር፣ ማለቴ ሥዕል ላይ ሲነኩት ቀለሙን በሚቀዳው መሣሪያ፣ እየነካሁ ነው የምወስደው።

ማሽን_ቤት · 5፡04

አይ ልጄ!

ማሽን_ቤት · 5፡11

ይቅርታ፣ ከድንጋጤ ነው። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ጨምቆ ነው። አንድ ወጥ የሚመስለው አረንጓዴ ሲጎላ በጥቂቱ የሚለያዩ ብዙ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ናቸው። ዛሬ የነካሽው ነጥብና የዛሬ ወር የነካሽው ነጥብ አንድ አይደሉም። የፎቶኮፒን ፎቶኮፒ እያነሳሽ ነበር ማለት ነው። ለወደፊቱ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ።

ባለሱቅ_22 · 6፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከአለቃው ጋር ነኝ። ሰው ቡና የሚገዛው ለጣዕሙ ነው። አረንጓዴው ትንሽ ጠቆረ፣ ትንሽ ነጣ ብሎ ጀበናውን ያስቀመጠ ሰው አላየሁም። ዲዛይነሮች ሥራ ስታጡ ነው እንዲህ የምትሆኑት።

መስመር_አስማሪ · 6፡48

ወንድሜ፣ ንግድ ባንክን ከመንገድ ማዶ ሆነህ የምታውቀው ስሙን አንብበህ ነው? ወይን ጠጁን አይተህ ነው። ልጆች እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ያውቁታል። ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስስ? «ታክሲ» የሚለውን ጽሑፍ ማን ይፈልጋል፣ ከሩቅ ቀለሙን አይተህ እጅህን ታወጣለህ።

ባለሱቅ_22 · 6፡55

ንግድ ባንክ ብር አለው።

መስመር_አስማሪ · 7፡03

ብር ያለው ሁሉ በቀለሙ አይታወቅም። ባንኩ ወይን ጠጁን ሳይለቅ ስለደጋገመው ነው። ቅርንጫፉ ላይ ወይን ጠጅ፣ ካርዱ ላይ ወይን ጠጅ፣ ስልክህ ላይ ወይን ጠጅ። ዛሬ ወይን ጠጅ ነገ ሮዝ ቢል ኖሮ በብሩም አይሆንለትም ነበር።

ባለሱቅ_22 · 7፡20

እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። ሱቄ ውስጥ አንድ ዓይነት ሳሙና ሁለት ዓይነት ማሸጊያ ሆኖ ሲመጣ፣ ማለቴ የድሮው ደማቅ አዲሱ ፈዘዝ ያለ ሲሆን፣ ደንበኛ ሁለቱንም ያነሳና «ይሄኛው ፎርጂድ ነው አይደል?» ይለኛል። «አይደለም፣ አንድ ነው» ብዬ ብምልም አይወስደውም። መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ ነገር አለው።

የቡና_ልጅ · 7፡24

ጋሼ ባለሱቅ!! ሁለተኛውን ጥያቄዬን መለሱልኝ እኮ! ስለ ውበት ሳወራው አልሰማኝም። «ፎርጂድ ይመስላል» ስለው ግን ይሰማል።

ባለሱቅ_22 · 7፡31

ጋሼ አትበይኝ፣ ገና ነኝ።

ስፌት_በሜክሲኮ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ስለ ቲሸርቱ ማንም አልመለሰልሽም፣ እኔ ልሞክር። የደንብ ልብስ እሰፋለሁ።

እንዳንቺ ላለ ትንሽ ትእዛዝ ጨርቅ ላይ የቀለም ቁጥር መስጠት አይሠራም። ቲሸርቱ ፋብሪካ ተነክሮ ነው የመጣው፤ ካሉት አረንጓዴዎች ትመርጫለሽ እንጂ አታዝዢም። አንድ ጥቅል ጨርቅ ካለቀ በኋላ «ያው ነው» ብለው የሚሰጡሽ ሁለተኛው ጥቅል እንኳ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። የተነከረበት ቀን ይለያያላ። ስለዚህ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ከሆነ ለሠላሳ ሰው በአንድ ቀን ግዢ። አሥራ አምስቱን ዛሬ፣ አሥራ አምስቱን ለመስቀል ካልሽ ሁለት ቡድን የእግር ኳስ ተጫዋች ነው የሚኖርሽ።

ሁለተኛ፣ እናቶቻችን መርካቶ ክር ሲገዙ ምን ያደርጋሉ? የልብሱን ቅዳጅ በመሐረብ ቋጥረው ይሄዳሉ። «አረንጓዴ ክር ስጠኝ» አይሉም። ቅዳጁን ያወጡና ክሩን ላዩ ላይ ያስተኙታል። ከዚያ ደግሞ ሱቁ ውስጥ አይወስኑም። ክሩን ይዘው በር ላይ ወጥተው በፀሐይ ያዩታል። ባለሱቁ «እትዬ፣ አንድ ነው እኮ» ይላቸዋል። እሳቸው አይሰሙትም። ልክ ናቸው። በሱቁ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት አረንጓዴዎች ውጭ ሲወጡ ይለያያሉ።

አንቺም ቅዳጅ ይኑርሽ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ማሽን_ቤት · 3፡40

እትዬ ስፌት፣ እጅዎን ይስጡኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ናሙና ቆርጦ ያመጣልኝን ደንበኛ በጣቴ እቆጥራለሁ። ሌላው ሁሉ «ትንሽ ደመቅ አድርገው» ባይ ነው። ከምን ደመቅ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ሌሊት 8፡05 (በእናንተ)

ከሜሪላንድ ሰላም ብያለሁ። እዚህ ያለው ቅዳጅ ፓንቶን ይባላል። ከ1963 ጀምሮ ያለ፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ የቀለም መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው። ቁጥሩን ትልኪለታለሽ፣ አታሚው የራሱን መጽሐፍ ገልጦ ያያል። ቲፋኒ የሚባለው የጌጣጌጥ ድርጅት የሳጥኑን ቀለም በራሱ ቁጥር አስመዝግቦታል፤ ቁጥሩ 1837 ነው፣ የተመሠረተበት ዓመት።

ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችውን ፊደል እንዳትረሺ። ሲ ከሆነች ለተለበጠ ወረቀት ነው፣ ዩ ከሆነች ላልተለበጠ። ያው ቁጥር ሆኖ ሁለቱ ገጾች ላይ አንድ አይመስልም። ደግሞ በፕሮግራም ውስጥ ባለው ብቻ አትተማመኚ። በ2022 መጨረሻ አዶቤ አብዛኞቹን የፓንቶን መጻሕፍት ከፕሮግራሞቹ ሲያወጣ የቆየ የፎቶሾፕ ፋይል ስንከፍት ቀለሙ ጥቁር ሆኖ ጠበቀን።

መጽሐፉ ውድ ነው፣ አትግዢ። አንድ ጥሩ ኦፍሴት ማተሚያ ቤት ሄደሽ የነሱን አይተሽ ቁጥሩን መዝግቢ።

ከርዕሱ ልውጣና፣ እናንተ ሦስት ቀለም መርጣችሁ ባንዲራ ስላላደረጋችሁት ደስ ብሎኛል። እዚህ የሀበሻ ሬስቶራንቱም፣ ገበያውም፣ ትራቭል ኤጀንቱም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው። ለአየር መንገዱ ያምርበታል፣ የሀገር ስም ነው የተሸከመው። የአጎቴ ልጅ ግሮሰሪ ግን ከጎኑ ካሉት የሚለየው ምኑ ነው? አንድ ፈረንጅ ደንበኛ «የሬጌ ሙዚቃ ትሸጣላችሁ?» ብሎ ገብቶ ያውቃል።

ቀስተ_ደመና · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ባንዲራችን ምን አደረገህ? እኔ ኩራት ነው የምለው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ሌሊት 9፡00 (በእኛ)

ኩራቴ ነው፣ ቤቴ ሰቅየዋለሁ። የሁሉም የሆነ ቀለም የአንድ ሱቅ መለያ አይሆንም ነው ያልኩት።

ኮድ_እና_ሻይ · ረቡዕ፣ 5፡20

የቡና_ልጅ ዌብሳይታቸውን በውስጥ ልካልኝ አየሁት። ፈቅዳልኛለች፣ ስለዚህ ልናገር።

እኔ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታብኝ ሰው ነኝ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ። ገጻቸው ላይ ትልቅ አረንጓዴ ሳጥን አለ። መሃሉ ላይ ምንም የለም። ባዶ ነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ ስጠይቃት «ቅናሽ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለው አለችኝ!

ዓይኔ ብቻም አይደለም፣ ሒሳቡም ያው ነው። ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ይለካል፤ አረንጓዴያቸው ቀይ 0፣ አረንጓዴ 102፣ ሰማያዊ 51 ነው። ነጭ ላይ ያለው ንፅፅር (የሁለቱ ቀለሞች የብርሃን ልዩነት) 7 ለ1 ይደርሳል፣ ግሩም ነው። ቀዩ 204፣ 0፣ 51 ነው። እሱም ነጭ ላይ 5.8 ለ1 ገደማ ነው፣ ያልፋል። ቀዩን አረንጓዴው ላይ ሲያስቀምጡት ግን 1.2 ለ1 ነው። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ይጠይቃል። 1.2 ማለት አለመጻፍ ነው። ሁለቱም ቀለሞች ጥሩ ሆነው አንድ ላይ መጥፎ ናቸው። አረንጓዴው ላይ በክሬም ጻፊ፣ አለቀ።

ስለዚህ ፓሌት፣ ማለትም የድርጅቱን የቀለም ዝርዝር፣ ስትጽፊ ቀለሞቹን ብቻ አትዘርዝሪ። የቱ ከየቱ ጋር ይሄዳል፣ የቱ ከየቱ ጋር አይገናኝም የሚለውንም ጻፊ። ኮድ ላይ ደግሞ እኔ «አረንጓዴ» ብዬ አልሰይምም። «የቁልፍ ቀለም»፣ «የጽሑፍ ቀለም» እያልኩ በሥራቸው ነው የምጠራቸው። አንድ ቦታ ስቀይረው ሁሉም ጋ ይቀየራል።

መስመር_አስማሪ · 6፡05

ይሄ ወደ ትልቁ ችግር ያመጣናል። ቻናላቸውን ሳየው የከፋብኝ አረንጓዴው መለያየቱ አይደለም። መጠኑ ነው። በእኛ ሙያ 60፣ 30፣ 10 የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ አንዱ ቀለም ይነግሣል፣ ሁለተኛው ያጅባል፣ ሦስተኛው እንደ ሚጥሚጣ ጣል ይደረጋል። ሚጥሚጣው እኩል ከሆነ ምግቡ አይበላም። እናንተ ጋ ቀዩ አንድ ቀን ሙሉ ጀርባ ነው፣ አንድ ቀን ሎጎው ራሱ ነው፣ አንድ ቀን የለም።

ከዚያ ደግሞ በዓል አለ። በእንቁጣጣሽ ቢጫ፣ በገና ቀይና ወርቃማ፣ በፋሲካ የማይታወቅ ሐምራዊ። ቢጫው ለምን? አደይ አበባ ቢጫ ስለሆነች። በጳጉሜን መጨረሻ ስልካችሁን ክፈቱ፣ ባንኩም ኢንሹራንሱም ዱቄት ፋብሪካውም ያቺኑ አደይ ከኢንተርኔት አውርዶ ቢጫ ላይ ለጥፏል። ሎጎውን ብትሸፍኚ ማን እንኳን አደረሳችሁ እንዳለሽ አታውቂም። አደይዋን ተዪ አላልኩም። በእናንተ አረንጓዴ ጀርባ ላይ አንድ አደይ በክሬም መስመር ሣይ። በዓሉም አለ፣ እናንተም አላችሁ።

ቀስተ_ደመና · 6፡30

አደይ ክሬም ሆና አታውቅም። ልጆቼ «ምን አበባ ነው?» ይላሉ።

መስመር_አስማሪ · 6፡41

እሺ፣ መሃሏን ቢጫ አድርጊያት። በዓመት አንድ ቀን አልከለክልም።

የቡና_ልጅ · ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ 4፡00

የት ጠፋሽ ላላችሁኝ፣ እዚሁ ነኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

አለቃዬን በወሬ ማሳመን ተውኩ። የዛሬ ስድስት ወሩን ማሸጊያና ያሁኑን ይዤ ሰፈራችን ያለ ሱቅ አብረን ገባን። ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ለባለሱቁ «የቱን ትወስዳለህ?» አልኩት። አገላበጠ፣ አሸተተ፣ ከዚያ አንዱን ወደ እኛ ገፋ አድርጎ «ይሄኛው የናንተ አይደለም» አለ። የገፋው አዲሱን ነበር። አለቃዬ እስከ ቢሮ አንድ ቃል አልተናገረም። ከሰዓት በኋላ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነጭ መምታቱን ዋጋውን ሰምቶ እምቢ አለ። ማሽን_ቤት በውስጥ የመከሩኝን አደረግን፦ ክራፍቱ ላይ ማተም ትተን ነጭ ወረቀት ላይ የታተመ ሌብል ለጠፍንበት። አረንጓዴው ሌብሉ ላይ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ነጭ አለው። እንዲያውም ዋጋው ቀነሰ።

ቲሸርት ላይ ሸሸሁ። አረንጓዴ ጨርቅ ፍለጋውን ትቼ ክሬም ቲሸርት ላይ አረንጓዴ ሎጎ አሳተምኩ።

ቅዳጁንም ሠራሁ። በአንድ ኦፍሴት ማተሚያ ቤት የፓንቶን ቁጥራችንን መረጥን፣ በተለበጠ ወረቀት አሳተምነው፣ እንደ ትኬት ቆራረጥኩት። ጀርባው ላይ ለስክሪን፣ ለወረቀት፣ ለባነር የሚሆነውን ቁጥር በተለያየ መስመር ጻፍኩ። ባነር ስናዝዝ መጀመሪያ መዳፍ የምታክል ቁራጭ አሳትመን በር ላይ ወጥተን ከቅዳጁ ጋር እናየዋለን። አታሚው ልጅ መጀመሪያ ሳቀብኝ። አሁን ራሱ ነው «ነይ ውጭ እንየው» የሚለኝ።

አንድ ቀን ብቻ ተጣላሁ። አለቃዬ ማታ 3 ሰዓት ደውሎ «ክሬሙ ብርቱካን ሆኗል፣ ሁሉንም አስቁሚ!» አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ሳየው ስልኩ ላይ ለዓይን ተብሎ ማታ ማታ የሚበራው ቢጫ ማጣሪያ ነው። ፋይሉ ምንም አልሆነም።

ያልተፈታው ታፔላው ነው። ገና ዓመት አልሞላውም፣ አለቃዬ ይቀየር ሲባል ሞቼ ነው ቆሜ ይላል። «በጣም ደማቅ ነው ካልሽ ፀሐዩ ራሱ አደብዝዞ ወደ ቅዳጅሽ ያመጣዋል» ብሎኝ ሳቀ። እውነት ያመጣዋል እንዴ?

ባለሱቅ_22 · 4፡12

አለቃሽን ወደድኩት።

ማሽን_ቤት · 4፡37

አያመጣውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ አትምርም፤ ግን እኩል አታደበዝዝም። አረንጓዴው ሲያንና ቢጫ ተደባልቆ የተሠራ ነው። ቀድሞ የሚሄደው ቢጫው ነው። ከፒያሳ ጀምረሽ የቆዩ ታፔላዎችን እያየሽ ሂጂ፣ ምግቡም ሰውየውም ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ለአለቃሽ ንገሪው፣ ሁለት ክረምት ቢጠብቅ የሰማያዊ ቡና ባለቤት ይሆናል።